ሐሙስ ማታ የመጀመሪያዬ የኤ.ኤ. (መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ማኅበር) ስብሰባ ነው፤ የሄዳችሁ ሰዎች እባካችሁ ንገሩኝ

የአሌክሳንድሪያው ሹፌር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ስሜን መጻፍ አልፈልግም። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዕድሜዬ 38 ነው። ኡበር እነዳለሁ። ባለትዳር ነኝ፤ የ6 ዓመት ሴት ልጅ አለችን።

እጠጣለሁ። ይህቺን አንዲት ቃል ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ማታ ከሥራ ስመለስ እነሱ ተኝተው ይሆናል። ኩሽና ውስጥ ቆሜ፣ መብራት ሳላበራ ነው የምጠጣው። ድሮ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ሁለት ቢራ ነበር። አሁን ውስኪ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ሁለት ቀን አይቆይልኝም። የምደብቀው ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ነው።

ባለፈው እሁድ የልጄ ኳስ እዚያ ገባባት። ስትፈልግ ጠርሙሱን አገኘችው። በሁለት እጇ አቅፋው ሳሎን መጣች። «አባዬ፣ ይሄ የማን ጁስ ነው?» አለችኝ። ሚስቴ ሶፋው ላይ ነበረች። ምንም አልተናገረችም፤ ቀና ብላም አላየችኝም። እኔም ለልጄ መልስ አልሰጠኋትም። እስካሁን አልሰጠኋትም።

እስከዛሬ ራሴን የማጽናናው በሁዳዴ ነበር። 55ቱን ቀን ጠብ አላደርግም። «ሱስ ቢሆንማ እንዴት እችል ነበር?» እላለሁ። ዘንድሮ ግን ከፋሲካ ቅዳሴ ስንመለስ፣ ዶሮ ወጡ ሳይቀርብ ውስኪውን ከፈትኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም። ደግሞ ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል። ብርድ መትቶኝ ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባለውን አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ፤ ሰማያዊ ሆኖ ወንበር ያለበት ነው። ያለሁበትን ቦታ አውቆ በአካባቢው ያሉትን የኤ.ኤ. ስብሰባዎች ከነሰዓታቸው ዘረዘረልኝ። እንደዚህ ብዙ ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። አርሊንግተን ውስጥ ሐሙስ ከምሽቱ 7 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ አንድ አለ። ሆን ብዬ ከሰፈሬ ራቅ ያለውን መረጥኩ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሀበሻ ባገኝስ? የሚስቴ ዘመዶች እዚህ አካባቢ ብዙ ናቸው። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፤ ሆዴ ውስጥ ያለውን ለማውጣት ግን አይበቃም። የግድ ተናገር ይሉኛል? ስምና መታወቂያ ይመዘግባሉ? ዘንድሮ የዜግነት ማመልከቻ ላስገባ ነው፤ ይሄ ነገር አንድ ቦታ ተጽፎ እንዳይጠብቀኝ ፈራሁ። ቦታው ደግሞ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ከመኪናዬ መውረዴንም እጠራጠራለሁ።


ዘጠኝ ዓመት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ልጄ፣ በዕድሜ አባትህ ስለምሆን እንዲህ ብዬ ልጥራህ። 63 ዓመቴ ነው። ዋሽንግተን መሃል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። መጠጥ ከአፌ ካራቅኩ 9 ዓመት ሆነኝ።

የመጀመሪያ ቀን እኔም አልወረድኩም። መኪናዬን አቁሜ 40 ደቂቃ ቁጭ አልኩ። ሰዎች እየተሳሳቁ ሲገቡ አያለሁ። በዚህ ጉዳይ እንዴት ይሳቃል ብዬ ተናደድኩ። ሞተር አስነስቼ ሄድኩ፤ የት እንደሄድኩ አንተም ታውቀዋለህ። በሳምንቱ ተመለስኩ። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ሲጋራ ታጨሳለች። አየችኝና «ቡናው ውስጥ ነው» አለችኝ። ማን ነህ፣ ከየት ነህ አላለችኝም። ቡናውን ብዬ ገባሁ።

የምትገባበት ክፍል ታጣፊ ወንበር የተደረደረበት ነው። ግድግዳው ላይ አጫጭር ጥቅሶች ተለጥፈዋል። ሰብሳቢው ከመካከላቸው አንዱ ነው እንጂ ባለሙያ አይደለም። መጀመሪያ አጠር ያለ ጽሑፍ ያነባሉ። ከዚያ «ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። እጅህን ብታወጣ መልካም፤ ባታወጣም ማንም አይነካህም። ተራው ሲደርስህ «ጀስት ሊስኒንግ» በል። ይበቃል። እኔ ስድስት ሳምንት እንደዚያ ብዬ ነው የቆየሁት። ስለ እንግሊዝኛህ አትጨነቅ፤ እዚያ ቤት ሰው ሰዋስው አይሰማም።

አንድ ነገር አስቀድመህ እወቅ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም። አይመክረውም፣ አይፈርድበትም። ጨርሶ ሲቀመጥ «አመሰግናለሁ» ይሉትና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። እኛ ሽምግልና ለለመድን ሰዎች ይሄ ይከብዳል። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሰው ቤቱ እንደፈረሰ ተናግሮ ሲቀመጥ «እንዴት ዝም ይሉታል?» ብዬ አዝኜ ነበር። ሳልቆይ የገባኝ ነገር፣ በሕይወቴ ማንም ሳያቋርጠኝ አምስት ደቂቃ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

መታወቂያ የለም፣ መዝገብ የለም። የመጀመሪያ ስምህን ብቻ ትናገራለህ። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። ቅርጫት ይዞራል፤ ያለው አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል፣ ከአዲስ ሰው አይጠበቅም። ምናልባት አንዱ ወረቀት ይዞ መጥቶ ሰብሳቢው ሲፈርምለት ታይ ይሆናል። እሱ ፍርድ ቤት የላከው ሰው ነው። ያንን አይተህ ምዝገባ እንዳይመስልህ። አፑ ላይ ደግሞ «ክፍት» እና «ዝግ» የሚል ልዩነት አለ። ክፍቱ ዘመድ ወዳጅም ይገባበታል፤ ዝጉ መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ላንተ ሁለቱም ይሆኑሃል።

ስለ ዜግነቱ፦ ልጄ የዜግነት ማመልከቻ ቅጹን (ኤን-400) ስትሞላ ስለ ልማደኛ ሰካራምነት የሚጠይቅ ነገር ነበረበት። እሱን ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ተነጋገርበት። ኤ.ኤ. ግን የአባላት ዝርዝር ስለሌለው ለማንም የሚሰጠው ነገር የለም። እኔ የምፈራልህ ጠዋት ጠዋት መሪ ስትይዝ ነው። ሰውነት በሰዓት አንድ መለኪያ ያህል ነው የሚያስወግደው። ሌሊት በሀበሻ 7 ሰዓት ላይ ግማሽ ጠርሙስ ጨርሰህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደንበኛ ስትጭን መጠጡ ገና ደምህ ውስጥ ነው። ቨርጂኒያ ላይ ለሹፌር በደም ውስጥ ያለ አልኮል ወሰኑ 0.08 በመቶ ነው። «ቀን አልጠጣም» የሚለው አያድንህም። ሥራህንም ዜግነትህንም የሚነካው ያ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው አለ።

ሀበሻ ያልከው ደርሶብኛል። በአራተኛው ወር አካባቢ ከእድራችን አንድ ሰው ገባ። እኔም አየሁት፣ እሱም አየኝ። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። ስብሰባው ሲያልቅ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘና «እንኳን እዚህ አገኘሁህ» አለኝ። እድር ላይ ስንገናኝ ዛሬም ስለዚያ ቤት አንዲት ቃል አይወጣንም። እዚያ የሚያይህ ሰው እሱም ወንበር ይዞ የተቀመጠ ነው።

ሐሙስ ዕለት ቀደም ብለህ ድረስ። አርፍዶ የገባን ሰው ሁሉም ዞሮ ያየዋል።


ሲስተር ቲ.

ወንድሜ፣ ነርስ ነኝ። ጋሽዬ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አንሶላው ራሰ ያልከው ላይ ቆምኩ። እባክህ ከስብሰባው በፊት ሐኪም ጋ ሂድ።

ያ ብርድ አይደለም። ሰውነትህ መጠጡን ለምዶት ሲቀርበት የሚያሳየው ነው። ብዙ ለሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ማቆም አደገኛ ሊሆን ይችላል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥልህ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳትና ከባድ የልብ ምት ይይዘዋል። ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ በአንዴ አቁመህ ፋሲካ ላይ ስትጀምር ኖረሃል። እንዲህ የተደጋገመ እንደሆነ ማቆሙ በየጊዜው እየከፋ ሊሄድ ይችላል። አምና ያልነበረ መንቀጥቀጥ ዘንድሮ የመጣው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ለሐኪሙ የምትጠጣውን ልክ ሳትቀንስ ንገረው። ሰው ሁሉ ግማሹን ነው የሚናገረው። በመድኃኒት ለጥቂት ቀናት ተይዘህ እንድታልፍ ያደርግሃል፤ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጥሃል። ከዚያ በኋላ አምሮቱን የሚቀንስ መድኃኒት አለ። ናልትሬክሶን ይባላል፤ እዚህ አሜሪካ ለመጠጥ ሱስ የተፈቀደው በፈረንጅ 1994 ነው። ስብሰባና መድኃኒት አይጣሉም።

የት ልሂድ ካልክ 1-800-662-4357 ደውል። የመንግሥት መስመር ነው፤ ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል። ኢንሹራንስ የሌለውንም ሰው ወደ ክሊኒክ ይመሩታል። ካቆምክ በኋላ ከጣለህ ወይም የሌለ ነገር ካየህ ግን ቀጥታ 911 ይደወል። ይህን ለሚስትህ አስቀድመህ ንገራት፤ አንተ በዚያ ሰዓት ስልክ የምታነሳ አትሆንም።


የማርያም ልጅ

ወንድሜ እግዚአብሔር ይርዳህ። ግን ለምን የራሳችን እያለ ለፈረንጅ ገበናህን ታወጣለህ? ታላቅ ወንድሜ እንጦጦ ማርያም ጠበል ገብቶ ነው ከአረቄ የተላቀቀው። ንስሐ አባትህ ጋ ሂድ፣ ሱባኤ ግባ። በፕሮቴስታንት አዳራሽ ምን ልትሠራ ነው?


ዘጠኝ ዓመት ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ወንድምህን እንኳን ማረው። እኔም ጠበል ተጠምቄአለሁ፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። ንስሐ አባቴ ስብሰባ እንደምሄድ ያውቃሉ። መጀመሪያ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጠጥተህ ትወጣለህ ወይስ ሳትጠጣ?» አሉኝ። ሳልጠጣ አልኳቸው። «እንግዲያውስ ሂድ» አሉኝ።

አዳራሹ ኪራይ ነው። ኤ.ኤ. የማንም ሃይማኖት አይደለም። ስለ ፈጣሪ ያነሳሉ፣ ግን እያንዳንዱ እንደሚያምነው ነው። ብዙ ቦታ ሲያልቅ ክብ ሠርተው ይጸልያሉ። አንዳንዱ ቤት አባታችን ሆይን ነው የሚያደርሱት። እኔ በዚያ ሰዓት በልቤ «አቡነ ዘበሰማያት» እላለሁ።

ደግሞ ይህ ማኅበር እንዴት እንደተጀመረ ብታውቁ ደስ ይለኛል። በፈረንጅ 1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ ወደ አክሮን፣ ኦሃዮ ሄደ። መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ነው የሆነው። ሥራው ከሸፈ። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቆሟል፤ በአንድ በኩል ባሩ ይታየዋል፣ በሌላ በኩል ስልክ አለ። ወደ ስልኩ ሄዶ የአብያተ ክርስቲያናት ቁጥር መደወል ጀመረ። የፈለገው እንደሱ በመጠጥ የሚሰቃይ አንድ ሰው ነው። በሰው በሰው ዶክተር ቦብ ከሚባል ጠጪ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር አገናኙት። ሁለቱ ቁጭ ብለው ሰዓታት አወሩ። ሐኪሙ የመጨረሻዋን የጠጣበት ቀን፣ ሰኔ 3 ቀን 1927 በኛ አቆጣጠር፣ ማኅበሩ የተመሠረተበት ቀን ተብሎ ይታሰባል። አንድ ጠጪ ለሌላ ጠጪ ሲነግረው ነው ነገሩ የሚሠራው። ንስሐ አባቴን እወዳቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ጠርሙስ ደብቀው አያውቁም።


ሲያትል ያለችው

እኔ የጠጪ ሚስት ነኝ። ስለ ሚስትህ ልናገር ነው የገባሁት። ሶፋው ላይ ዝም ያለችው ስላልገረማት ነው። ጠርሙሱ የት እንዳለ ታውቅ ነበር። እኔም የባለቤቴን አውቅ ነበር፤ በየቀኑ በጣቴ ልኩን እለካው ነበር። ለጠጪ ቤተሰብ የተለየ ስብሰባ አለ፤ አል-አኖን ይባላል፣ ከፈረንጅ 1951 ጀምሮ ያለ ነው። እኔን ያቆመኝ እሱ ነው። «ሂጂ» ብለህ ግን አትላካት። እንዳለ ብቻ ንገራት።


ቦሌ ሚካኤል

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። አማኑኤል ሆስፒታል ታክሜ ነው የወጣሁት። ከወጣሁ በኋላ ግን ማታ ማታ ብቻዬን ነበርኩ። ሰፈሬ ውስጥ በየአምስት በሩ ግሮሰሪ ነው፤ ጓደኞቼ ሁሉ እዚያ ናቸው። አሁን በስልክ በዙም እገባለሁ። ስብሰባው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከየአገሩ ሰው ስላለ ሌሊት 8 ሰዓትም ብነቃ ክፍት አገኛለሁ። ካሜራዬን አላበራም። ሹፌሩ ወንድማችን፣ በአካል መግባት ካስፈራህ በዚህ ጀምር። ሐሙስን ግን ባትተወው ደስ ይለኛል። እኔ በአካል የምገባበት ቢኖረኝ በእግሬ እሄድ ነበር።


የአሌክሳንድሪያው ሹፌር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ዓርብ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሲስተር ቲ.፣ ማክሰኞ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ልክህ ስንት ነው ሲለኝ «ሁለት ሦስት መለኪያ» ልል አፌን ከፍቼ ያንቺ ጽሑፍ ትዝ አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። ደም ግፊቴን ሁለቴ ለካ። ለአምስት ቀን የሚሆን መድኃኒትና ቢ1 ሰጠኝ፤ እስክጨርስ እንዳትነዳ አለኝ። በየቀኑ እንድደውል አደረገ። ለሚስቴ ስለ 911 ነገርኳት። ወረቀት ላይ ጻፈችውና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው።

ሐሙስ መንዳት ስላልቻልኩ አውቶቡስ ያዝኩ። ከመኪና ስለመውረድ የፈራሁት ሁሉ ቀረ፤ መኪና የለኝም። 6 ከ35 ላይ ደረስኩ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ደረጃውን ወረድኩ። አንድ ሰውዬ ወንበር ይደረድራል። አየኝና ሁለት ወንበር አቀበለኝ። እኔም መደርደር ጀመርኩ። ጋሼ፣ ይሄን አልነገሩኝም ነበር። እጄ ሥራ ስለያዘ መንቀጥቀጡ አልታየብኝም።

14 ሰው ሆንን። ሲሚንቶ የተረጨበት ጫማ ያደረገ ሠራተኛ ነበር። የሆስፒታል ልብሷን ያላወለቀች ሴት ነበረች። አንድ ልጅ እግር ያቺን የፍርድ ቤት ወረቀት ጉልበቱ ላይ አጥፎ ይዟል። ሀበሻ አልነበረም። እዚያ ተቀምጬ፣ በኖረ ብዬ ተመኘሁ።

«ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ?» ሲባል እጄን እስከ ትከሻዬ አወጣሁ። ስሜን ብቻ ተናግሬ ላቆም ነበር። ከዚያ የልጄን ነገር ጀመርኩ። «ጁስ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋኝ። ማንም ቶሎ በል አላለኝም። ከጎኔ ያለው ባለ ሲሚንቶ ጫማ ወለሉ ላይ የነበረውን የሶፍት ካርቶን በእግሩ ወደኔ ገፋ አደረገልኝ። ዞሮ እንኳ አላየኝም። ጨረስኩት ማለት አልችልም፤ ግን ተናገርኩት።

መጨረሻ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ሳንቲም ሰጡኝ። የመጀመሪያው 24 ሰዓት ነው አሉኝ። ወንዶቹ በአንድ በራሪ ወረቀት ጀርባ ላይ ስልካቸውን ጻፉልኝ፤ ስድስት ቁጥር። ወንበር ደርዳሪው «ከጠጣህ በኋላ ሳይሆን ከመጠጣትህ በፊት ደውል» አለኝ። ክብ ሠርተው ሲጸልዩ እኔም በልቤ አቡነ ዘበሰማያት አልኩ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ አልተኛችም። ሽሮ አሞቀችልኝ። «ምን አሉህ?» አለች። «ተመልሰህ ና አሉኝ» አልኳት። ሌላ አላወራንም። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ስለ አል-አኖን ነገርኳት። ሰማችኝ።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ሳንቲሟን ጠረጴዛው ላይ አገኘቻት። «አባዬ፣ ይሄ የማን ነው?» አለችኝ። የኔ ነው አልኳት። ጠርሙሱም የኔ እንደነበር ነገርኳት። «ጁስ አይደለም፣ አባትሽን የሚያሳምመው ነገር ነው፤ እንዲሻለኝ እየሄድኩ ነው» አልኳት። «መርፌ ይወጉሃል?» አለች። አይ፣ ወንበር ላይ ነው የሚያስቀምጡኝ አልኳት።

መድኃኒቱ እሁድ ያልቃል። ቅዳሜና እሁድ ከብዶኛል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ እሸሸው ነበር። ጋሼ፣ እርስዎ የሚሄዱበት የቅዳሜ ስብሰባ አለ? ሜትሮ ይዤ እመጣለሁ።


ዘጠኝ ዓመት ከሲልቨር ስፕሪንግ

አለ። ጠዋት 8:30 በፈረንጅ። ቀዩን መስመር ይዘህ ሲልቨር ስፕሪንግ ውረድ። 8 ሰዓት ላይ መውጫው ጋ እቆማለሁ። ቡናማ ኮፍያና ከዘራ ያለኝ እኔ ነኝ። ቁርስ ሳትበላ ና፤ ከስብሰባው በኋላ ፍርፍር አብረን እንበላለን።